የምጣድ ኪሳራ የማን ነው?

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና አድርጎ ሞጣ የሚደርስ የምጣድ ጭነት ሲራገፍ ከመካከሉ የተሰነጠቀ ይገኛል። ደኅና የገባውም በመጀመሪያው የጋገራ ቀን ተሰንጥቆ ወደ ሱቁ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ባለሱቁ በአከፋፋዩ፥ አከፋፋዩም በሸክላ ሠሪዋ ላይ ያሳብባል፤ ዋጋ የሚቀነስባትም እርስዋ ናት። ይህ አሠራር ሊመረመር የሚገባው ነው።

ሸክላ እሳትን ስለ ቻለ ብቻ ጥሩ አይባልም፤ መግልና መቀዝቀዝ ሲፈራረቁበትም መጽናት አለበት። የቢቸና ጤፍ እንጀራ ሆኖ ባሕር ማዶ የሚሻገርበትን አውሮፕላን እንመልከት። በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩት የብረት ክንፎች ከመቅለጫቸው በላይ በጋለ ጋዝ መካከል ይውላሉ። የሚጠብቃቸው የውስጥ ማቀዝቀዣ አየርና ከአንድ ሚሊ ሜትር የሳሳ የሴራሚክ ልባስ ነው። የተለመደው ልባስ ኢትሪየም የተጨመረበት ዚርኮኒያ ሲሆን ከ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለረጅም ጊዜ አይጸናም። ጋዶሊኒየም ዚርኮኔት የሚባለው አዲሱ ዓይነት ግን ሙቀትን ያነሰ ያስተላልፋል፤ ቀልጦ የሚጣበቀውን አቧራም ይበልጥ ይቋቋማል። ይሁን እንጂ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ከብረቱ በላይ ካለው የአሉሚና ሽፋን ጋርም አይስማማም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ አሮጌውን ከሥር፥ አዲሱን ከላይ ደርበው ይቀባሉ። (ቻይና መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትሪየምና ጋዶሊኒየም ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ መደንገጓን አስመጪዎች ልብ ይሏል።)

የኤሌክትሪክ ምጣድም ችግሩ ከዚህ አይርቅም። ሽቦው ከሥር በተፈለፈለው ቦይ ውስጥ ፈጥኖ ይግላል፤ ሸክላው ሙቀትን አዝግሞ ስለሚያስተላልፍ ታችኛው ፊት ሲለጠጥ ላይኛው ገና ቀዝቃዛ ነው። እርጥበት ያልለቀቀ ወይም በደንብ ያልተሟሸ ምጣድ በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይል ቢለኰስ መሰንጠቁ አያስገርምም፤ በዚህም ሸክላ ሠሪዋ ጥፋት የለባትም።

እንግዲህ የቢቸናና የሞጣ ባለሱቆች ምጣድን በዓይን አይተው፥ በጣት አንኳኩተው መግዛታቸው አይበቃም። ከየጭነቱ ሁለት ሦስቱን መርጠው፥ ቀስ በቀስ አግለው፥ አቀዝቅዘው፥ ደግመው በማጋል ይፈትኑ። በመንገድ የተሰበረውን ያጓጓዘው፥ በፈተናው የወደቀውን ሠሪዋ፥ ፈተናውን አልፎ ያለ መመሪያ ተሸጦ የተሰነጠቀውን ደግሞ ባለሱቁ ይክፈል። ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው፤ ማገዶውም ከአንድ ምጣድ ዋጋ አይበልጥም።