ቫርኒሽ የተቀባ ጀበና ቡና አይፈላበትም

ጅማ የመጣ እንግዳ ሲመለስ ቡና ይገዛል፤ ከቡናው ጋር ጀበና። እዚህ በቾ ቦሬም ሆነ መሃል ከተማ የሚሸጠው የስጦታ ጀበና ግን ቀለሙ እየበዛ ሄዷል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የዘይት ቀለም ይቀባል፣ «ጅማ» ተብሎ ይጻፍበታል፣ ከዚያ በቫርኒሽ ይብለጨለጫል። ለመደርደሪያ ከሆነ ይሁን። ጣጣው ሻጩ «ቡናም ይፈላበታል» ሲል ነው። አይፈላበትም!

ሸክላችን የሚተኮሰው በማገዶና በኩበት፣ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ እንደ ፋብሪካ ሴራሚክ ጥቅጥቅ አይልም፤ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት፣ ውሃ ይጠጣል። እናቶቻችን ለዚህ መላ ነበራቸው፦ ማሟሸት። አዲስ ጀበና የቡና አተላ ተጨምሮበት ደጋግሞ ይፈላል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ይታሰሳል። ቅባቱና ደቃቁ በሙቀት ሸክላው ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ቫርኒሽ ግን ላይ ላዩን የሚቀመጥ ሽፋን ነው። ከውስጥ የጠጣው ውሃ መውጫ ሲያጣ ሽፋኑን እየገፋ ያስለቅቀዋል፤ ከሰል ላይ ሲጣድ ደግሞ ይቃጠላል። ያንን ጭስ የምትስበው ቡና አፍይዋ ናት።

የዘይት ቀለም ሌላም ጉድ አለው፤ እርሳስ (የምንጽፍበት ሳይሆን ማዕድኑ)። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለሕፃናት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም ይላል። ታዲያ ጀበና ቀቢው ርካሽ ቆርቆሮ ሲገዛ ይህን ማን ያይለታል? ማንም።

እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን ገንዘቡ ነው። ጀበናው ከሸክላ ሠሪዋ እጅ በርካሽ ይወጣል፣ ቀለም ሲቀባ ዋጋው ይወደዳል፣ ጭማሪው ወደ እሷ አይመለስም። በደቡብ ምዕራብ አገራችን ሸክላ ሠሪ ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለል ኖሯል፤ በሰሜን «ቡዳ» ተብሏል። ጎንደር አጠገብ ያለችውን ወለቃን አስቡ። ቱሪስት እየሄደ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሠሯቸውን ትናንሽ የሸክላ ምስሎች ይገዛ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሥራውን ጎረቤቶቻቸው ቀጠሉት። እዚያ ሰው የሚገዛው የእጅን ሥራ ነበር። እኛ ጋ ያ የእጅ ሥራ ከቀለሙ ስር ተቀብሯል።

ቀቢዎቹ ሥራ ይፍቱ አልልም፤ አብዛኞቹ ሌላ ገቢ የሌላቸው ወጣቶች ናቸው። ሁለት ነገር ብቻ፦ ቀለም የተቀባው ጀበና ታችኛው ላይ «ለጌጥ ብቻ» ተብሎ ይጻፍበት፣ ማጨራረሱም ሸክላ ሠሪዋ ጋ ይግባ። ለጌጥ የሚሆነውም ቢሆን የግድ ቫርኒሽ አያስፈልገውም። ጅማና ከፋ የማር አገር ናቸው። በደንብ የደረቀ ሸክላ ሞቅ ተደርጎ የቀለጠ የማር ሰም በጨርቅ ቢታሽ ደስ የሚል ወዝ ይሰጠዋል፣ አቧራና እርጥበትም ይከላከልለታል። እሳት ላይ ግን እሱም አይጣድም፤ ይቀልጣል።

ቤታችሁ ቫርኒሽ የተቀባ ጀበና ካለ ፈቅፍቆ ለማጽዳት አትድከሙ፤ የጠጣው አይወጣም። አበባ ማስቀመጫ አድርጉት። ለቡናው ገበያ ውጡና ያልተቀባውን፣ ከተቻለ ከሠሪዋ እጅ ግዙ።