«ጌጁ ሳይወጣ ሞተሩ ነደደ» ብል ማን ይመነኝ?

የዛሬው ደብዳቤ የመኪናም የቤተሰብም ጣጣ ያለበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው ወደድኩ። እንደ ልማዳችን ስምና ሰፈር ትተናል።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 38 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የምነዳት ላንድክሩዘር የባለቤቴ አጎት ንብረት ናት። 80 የሚባለው ሞዴል፣ በቤንዚን የምትሠራ፣ ድሮ ከዱባይ የገባች ናት። ለመስክ ሥራ ትከራያለች፤ እኔ የወር ደሞዝተኛ ነኝ።

«ከሁለት ወር በፊት ውሃ መጠጣት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት አንድ ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እጨምር ነበር። ከሥሯ ግን ጠብታ የለም። ለአጎትየው ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው። ‹ያረጀ መኪና ውሃ ይጠጣል፤ ጨምርና ንዳ› አሉኝ። ጋራዥ ስወስዳት የፊቱን የራዲያተር ማኒኮቶ ቀየሩና ‹የኋላው ጋ ለመድረስ ሞተር መውረድ አለበት፤ ብዙ ብር ነው› ብለው መለሱኝ።

«በመጨረሻ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ስወጣ ጉልበት አጣች። ጌጁን አየሁት፤ እንኳን ሊወጣ ጭራሽ ወርዷል። ቆሜ ኮፈኑን ስከፍት የሞተሩ ኋላ በእንፋሎት ታፍኗል። ቴስታታው ተጣሟል፣ ጋርኒሲዮኑ ተበልቷል ተባለ። አጎትየው ‹ጌጅ ሳታይ ነድተህ አቃጠልክብኝ› ብለው የደሞዜን ግማሽ መቁረጥ ጀመሩ። ‹ጌጁ አልወጣም› ስላቸው ውሸታም አሉኝ። ባለቤቴ በእኔና በአጎቷ መሃል ተጨንቃ መክሳቷ ነው፤ እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። እውነት ጥፋተኛው እኔ ነኝ? የኋላውን ማኒኮቶስ አሁን እንዴት ላስቀይር?»

የጨነቀው ሾፌር

መልስ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አይዞህ። መኪናዋን አላየኋትም፤ የአጎትየውንም ቃል አልሰማሁም። ስለዚህ ዳኛ አልሆንም። ነገር ግን «ጌጅ ሳይወጣ ሞተር አይነድም» የሚባለው ነገር ስህተት መሆኑን አፌን ሞልቼ እነግርሃለሁ።

ጌጁ ለምን ዝም አለ?

የሙቀት ጌጅ የሚለካው የሞተሩን ብረት ሳይሆን ውሃውን ነው። ውሃው ውስጥ የተነከረች አንዲት ትንሽ ሴንሰር አለች፤ ጌጁ የሚያወራው እሷ የነገረችውን ብቻ ነው። ውሃው ሲያልቅ ሴንሰሯ ባዶ ቦታ ላይ ትንጠለጠላለች። እንፋሎትና አየር ደግሞ ሙቀትን እንደ ውሃ አያደርሱላትም። እናም ብረቱ እየነደደ ጌጁ ባለበት ሊቆም፣ እንዲያውም ሊወርድ ይችላል። ያየኸው ይሄን ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የ80 ላንድክሩዘር ጌጅ ሰፊ የሙቀት ልዩነት እስኪያልፍ ድረስ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው። እሱ መነቃነቅ ሲጀምር ነገሩ ገፍቷል ማለት ነው።

ታዲያ ሾፌር ምን ይመን? የማሞቂያውን! ሞተሩ ሞቆ ሳለ ማሞቂያውን ወደ ሙቅ አዙረህ ቀዝቃዛ አየር ከነፋብህ ውሃው ጎድሏል ወይም አየር ገብቶበታል፤ ወዲያው ዳር ይዘህ ሞተር አጥፋ። ከኮፈኑ በኩል ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ሽታ ከመጣ ኩላንት ብረት ላይ እየተቃጠለ ነው። ማኒኮቶ ጫፍ ላይ ነጭ ወይም ቀለም ያለው ቅርፊት ካየህ ደግሞ እዚያ ጋ ሲያላቅስ ከርሟል።

ጠብታ ያጣኸውም ለዚሁ ነው። ከሞተሩ ኋላ የሚያፈስ ማኒኮቶ ብዙውን ጊዜ የሚያፈሰው ግፊት ሲኖር፣ ማለትም ሞተሩ ሲሞቅ ነው። የሚረጨው ውሃ የጋለ ብረት ላይ አርፎ ይተናል። ጠዋት ከሥር ብትተኛ መሬቱ ደረቅ ነው።

ዳገቱም የራሱ ድርሻ አለው። ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው 100 ዲግሪ አልፎም እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ይዞ የሚያቆየው ግፊት ነው። ማኒኮቶ ሲቀደድ ውሃው ብቻ ሳይሆን ግፊቱም ይሄዳል። ያኔ የቀረችውም ትፈላለች።

የማትታየዋ ማኒኮቶ

ያንተዋ መኪና ሞተር እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ዋን ኤፍ ዜድ የሚባለው 4.5 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ከሆነ፣ የምጠረጥራትን አውቃታለሁ። ከሞተሩ ኋላ በግራ በኩል፣ ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ሥር፣ ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ግድግዳ ጥግ የተወሸቀች አጭር የማሞቂያ ማኒኮቶ አለች። ስንዝር አትሞላም። በውጭ አገር ያሉ የዚህ መኪና ባለቤቶች ሲማረሩባት «አስቸጋሪዋ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል።

ችግሯ ዋጋዋ አይደለም፤ ቁራጭ ጎማ ናት። ችግሯ እጅ አለመድረሱ ነው። መካኒክ የፊቶቹን ሁለት ትልልቅ ማኒኮቶዎች ይቀይርና «ማኒኮቶ ተቀይሯል» ይልሃል። ባለንብረቱም ደስ ብሎት ይከፍላል። እሷ ግን እዚያው ጨለማ ውስጥ 30 ዓመቷን ትደፍናለች። ስለዚህ ጋራዥ ስትሄድ «ማኒኮቶ ቀይሩልኝ» አትበል፤ እያንዳንዷን ጥራ፦ የላይኛው፣ የታችኛው፣ የማሞቂያው መግቢያና መውጫ፣ ከማኒፎልዱ ሥር ያለችው፣ የኋላ ወንበር ማሞቂያ ካላት ደግሞ ከሥር የሚሄዱት። አሮጌዎቹን አንድ ባንድ ቆጥረህ ተቀበል።

«ሞተር መውረድ አለበት» የተባልከው ልክ አይደለም። ያንተ ደግሞ ጭራሽ ቀሏል፦ ቴስታታው ሲወርድ ማኒፎልዱም አብሮ ስለሚነሳ ቦታው ክፍት ይሆናል። ሳይገጥሙ በፊት ቶሎ ድረስባቸውና አስቀይር! ከተገጠመ በኋላ «ረሳናት» ቢሉህ ድካሙ እንደገና ነው።

ሞተራቸው ደህና የሆነ አንባቢያን ግን እንዲህ ያሠሩ። ሞተሩ ፍጹም ይቀዝቅዝ። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፤ ውሃው ከራዲያተሩም ከሞተሩ ብሎክም ይፍሰስ። መኪናዋ ደልዳላ መሬት ላይ በጠንካራ መቆሚያ ተደግፋ (በክሪክ ብቻ አደራ!) የግራ የፊት ጎማ ይውለቅ። ብዙ መካኒኮች በጎማው ቤት በኩል እጃቸውን ሰደው ይደርሱባታል። ካልሆነም ከላይ የማኒፎልዱ የላይኛው ክፍል ይነሳል።

አሮጌዋን በፒንሳ ጨምድዶ መጎተት ክልክል ነው፤ የተጣበቀችበት ቱቦ ይጣመማል። በምላጭ በቁመቷ ተሰንጥቃ ትላጥ። የቱቦው ጫፍ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ይጽዳ። አሮጌዋን ይዛችሁ ሶማሌ ተራ ውረዱ፤ ውፍረቷንም ቅርጿንም የምትመስል፣ ለሙቅ ውሃ የተሠራች ማኒኮቶ ግዙ። የነዳጅ ወይም የአትክልት ጎማ «ይሆናል» ቢሏችሁ እንዳትሰሙ። ፋሼታው የካቻቪቴ ከሆነ፣ ቦሎኑ በኋላ እጅ ወደሚደርስበት አቅጣጫ ዞሮ ይታሰር። ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ እንደገና ይጥበቅ።

ውሃው ሲሞላ ግማሹ ኩላንት፣ ግማሹ ንጹሕ ውሃ ይሁን። «እኛ አገር በረዶ የለም፤ ኩላንት ለምኔ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ኩላንት ዝገት ይከላከላል፤ የመፍያውንም ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ማሞቂያው ወደ ሙቅ ይዙር፤ ክዳኑ ገና ሞተሩ ሳይነሳ ተከፍቶ አረፋው እስኪያልቅ በዝግታ ይሥራ። የሞቀ ሞተር ክዳን ግን በጭራሽ አይከፈት፤ ፊት ይልጣል።

መንገድ ላይ ከፈነዳችስ? ወደ ማሞቂያው የሚሄዱትን ሁለት መስመሮች አንድ ላይ ማገናኘት እስከ ጋራዥ ያደርሳል። ግን መድኃኒት አይደለም፤ ባሌ ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ መስታወቱ ጉም ሲለብስባችሁ ማሞቂያውን ትፈልጉታላችሁ።

አሁን ወደ አጎትየው

የሾፌርን ጥፋት አልሸፍንም። ውሃ በየቀኑ የሚጎድልባት መኪና ምክንያቱ ሳይታወቅ ረጅም ዳገት አትወጣም፤ «አልሄድም» ማለት ነበረብህ። ግን ሁለት ጊዜ ተናግረሃል፤ ጋራዥም ወስደሃል። «ጨምርና ንዳ» ያለ ሰው ጉዳቱን በሙሉ ሾፌሩ ላይ ሊጥል አይገባም።

የደሞዙን ነገር በሕግም እወቀው። መኪናዋ ለኪራይ የምትሠራ ስለሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን መጥቀስ ትችላለህ። በዚህ አዋጅ ደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ግማሹ አይሆንም።

ይሁንና በክስ አትጀምር። እሳቸው ባለቤትህን አሳድገዋል፤ ይህ ውለታ ነው። ያችን ማኒኮቶ ከሞተሩ አስወጣና እንዳለች ያዛት፤ እንዳትጥላት። አንድ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌና አንድ ገለልተኛ መካኒክ ይዘህ ሂድ። መካኒኩ ስንጥቋን ያሳይ፤ ስለ ጌጁም እሱ ያስረዳ። አንተ ዝም በል። ማኒኮቶዋ ደህና ሆና ከተገኘች ግን ሌላ ምክንያት አለና እሱን ፈልጉ፤ ያኔም ቢሆን ነገሩ በማስረጃ ይሆናል።

ለእርስዎም አንድ ቃል፣ አባቴ። ይህን ጋዜጣ ካነበቡት፣ «ውሃ ትጠጣለች» ብሎ የሚነግርዎት ሾፌር ንብረትዎን የሚጠብቅ ሰው ነው። የሚያሰጋው ውሃ እየጨመረ ዝም የሚለው ነው።

ሳምንት በሌላ ጥያቄ እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ።