ቺፑ የእኛን ሰዓት ይቁጠር

ከአዳማ በላይ ባሉት ኮረብቶች 136 የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል፤ 34ቱ የአዳማ አንድ፣ 102ቱ የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ናቸው። ነፋሱ የእኛ ነው። ክንፎቹን የሚያዝዘውን ፕሮግራም ግን ከእኛ መካከል ያነበበው የለም።

ታች ከተማው ውስጥም ያው ነው። ከመቂና ከባቱ ለጥገና የሚመጣው የፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ ከቢሾፍቱ የሚመጣው የእንቁላል መፈልፈያ፣ ሁሉም ሆዱ ውስጥ የተቆለፈ ቺፕ ይዟል። ሬዚስተር ቢቃጠል እንቀይራለን፤ ካፓሲተር ቢያብጥ እንቀይራለን። ቺፑ ሲሞት ግን አምሳያው መሳቢያችን ውስጥ እያለ የሚጫንበት ፈርምዌር (ቺፑን የሚያዝዘው ፕሮግራም) ስለሌለን ዕቃው ይጣላል። ባለቤቱ ዕቃውን ታቅፎ ሲመለስ ማየት ያንገበግባል።

ስለዚህ ቦርዱን ራሳችን እንሠራለን፣ ፈርምዌሩን ራሳችን እንጽፋለን፣ ኮዱንም ለማንም ክፍት እናደርጋለን።

ቦርዱ አያስቸግርም። ንድፉ በሌዘር ፕሪንተር በሚያብረቀርቅ ወረቀት ይታተማል፣ በካውያ ወደ መዳቡ ይሸጋገራል፣ ትርፉን መዳብ ፌሪክ ክሎራይድ ይበላዋል (ጓንት አይረሳ)። ባለ28 እግሩ ኤትሜጋ328ፒ ቺፕ፣ የ16 ሜጋኸርዝ ክሪስታልና ጥቂት ካፓሲተሮች ይበየዳሉ። ይህን ማንኛውም የራዲዮ ጠጋኝ ይችለዋል።

ጭንቀታችን ፈርምዌሩ ነው፤ አገሩን ማወቅ አለበት።

መብራታችንን ይወቅ። መብራት ሲደክም ቺፑ ይስታል፤ ያልታዘዘውን ይጽፋል። ስለዚህ ቮልቴጁ ከ4.3 ቮልት በታች ሲወርድ ቺፑን የሚያስቆመው ጠባቂ በእኛ ቦርድ ላይ ሁልጊዜ ይበራል። መብራት ሲመለስ ፓምፑ ወዲያው አይነሳም፤ መስመሩ እስኪረጋ ይጠብቃል። መፈልፈያውም ከ21ዱ ቀን ስንተኛው ላይ እንደነበር ያስታውሳል። ለዚህ ያለን ማስታወሻ 1 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ዋስትና ያለው ለ100,000 ጽሕፈት ነው። አንዱን ቦታ በየሰከንዱ ብንጽፍበት 28 ሰዓት ሳይሞላ ዋስትናው ያልቃል፤ በየሰዓቱ ብንጽፍ ከ11 ዓመት በላይ ይዘልቃል። እንዲህ ያለውን ስሌት ተደብቆ ከሚኖር ኮድ ውስጥ ማንም አይማረውም።

ሰዓታችንን ይወቅ። የመቂ ገበሬ ፓምፑ ንጋት 12 ሰዓት ይነሳ ብሎ 12፡00 ቢሞላ፣ ሽንኩርቱ እኩለ ቀን በጠራራ ፀሐይ ይጠጣል። ገበሬው አልተሳሳተም። 6 ሰዓት መቀነስ፣ ጷጉሜንን መቁጠር፣ ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ ሳይጻፍ የቀረው ጻፊው ሩቅ ስለነበር ነው።

ፊደላችንን ይወቅ። ፊደላችን በዩኒኮድ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ገበያ ላይ የሞላው ባለሁለት መስመር ስክሪን ግን በራሳችን ለምንስላቸው ምልክቶች 8 ቦታ ብቻ ይሰጣል። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ ዛሬውኑ ይታያል፤ አማርኛ አይታይም። ሁለቱም የከተማችን ቋንቋዎች ናቸው፣ ሁለቱም መታየት አለባቸው። 231ዱን ፊደላት በ16 በ16 ነጥብ ብንስላቸው 7,392 ባይት ይይዛሉ። ከቺፑ 32 ኪሎባይት ሩብ እንኳ አይሞላም! እንግዲህ ስክሪኑን በነጥብ ወደሚሳለው እንቀይራለን።

ፈቃዱንም መርጠናል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሦስተኛው የጂኤንዩ ጠቅላላ የሕዝብ ፈቃድ ነው። ኮዳችንን ወስዶ፣ አሻሽሎ፣ ዕቃ ውስጥ ከትቶ መሸጥ ይቻላል፤ ገዢው ግን ኮዱን ማግኘት አለበት፤ ለቤት የሚሸጥ ዕቃ ከሆነም የቀየረውን መልሶ መጫኛ መንገድ ይሰጠዋል። ደቦ የወጣ ገበሬ ይህን ሕግ ለመረዳት ጠበቃ አያሻውም፤ ዛሬ በእርሱ ማሳ፣ ነገ በጎረቤቱ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ኮድ ከመደርደሪያ አውርዱልን። ጠጋኞች፣ እጃችሁ የሚያውቀውን ንገሩን፤ እንጽፈዋለን፣ ማብራሪያውም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይሆናል።

መጀመሪያ የምንሠራው የእንቁላል መፈልፈያውን ነው፤ 37.5 ዲግሪ፣ 21 ቀን፣ ከ18ኛው ቀን በኋላ እንቁላል ማገላበጥ ይቆማል። የተቃጠለ መፈልፈያ ያለው ሰው እንዳይጥለው። ከነሽቦው ያምጣልን።