ሞባይል ለትምህርት፤ ግን የትኛው ሞባይል?

እንደሚታወቀው ስለ ዲጂታል ትምህርት ሲወራ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ኮምፒውተር የተደረደረበት ክፍል፣ ታብሌት የያዘ ተማሪና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ነው። ነገ ተመርቀን የምንመደብባቸውን የሊበንን ወይም የቡሬ ዙሪያን የገጠር ት/ቤቶች የሚያውቅ ሰው ግን ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚርቀን አይጠፋውም። በእኔ አስተያየት የሩቁን ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ሰው እጅ ላይ ባለው መጀመር ይሻላል። እሱም ተራው ሞባይል ነው።

ይህን ስል መሣሪያ ብቻውን ያስተምራል ማለቴ አይደለም። ያንንማ ከፕላዝማው ተምረናል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ የሚተላለፍ ነበር። ዓላማው መልካም ነው፤ የገጠሩም የከተማውም ልጅ እኩል እንዲማር። ችግሩ ግን ስርጭቱ ማንንም አይጠብቅም። ተማሪው ሳይገባው ቢቀር «ቆይ፣ ይደገምልኝ» ማለት አይችልም። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አለፈ ማለት ነው። መምህሩም በገዛ ክፍሉ ተመልካች ይሆናል።

አሁን ደግሞ ግብርናውን እንይ። በ2006 ዓ.ም. በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካይነት የተጀመረው 8028 የተባለው የስልክ መስመር ገበሬው ካለው ሞባይል በነጻ ደውሎ ስለ ጤፍ፣ ስለ በቆሎና ስለ ስንዴ አመራረት ምክር እንዲሰማ ያደረገ ነው። ደዋዩ ቁጥር እየተጫነ የሚፈልገውን መርጦ በአማርኛ ያዳምጣል፤ ካልገባው መልሶ ይደውላል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ማንበብም ግዴታው አይደለም። ታዲያ ለማዳበሪያ የሠራ ነገር ለክፍልፋይ ለምን አይሠራም?

ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ት/ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ለማስቀጠል ተሞክሮ ነበር። ሁለቱም በሌሉበት ቤት ያለ ልጅ ግን ከብት ሲጠብቅ ነው የከረመው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭት ከተቀሰቀሰ በኋላ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸው ተነግሯል። እንግዲህ ኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ ትምህርት በጣም በሚያስፈልግበት ቀን የሚጠፋ ትምህርት ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? በገበያ ቀን ፍኖተ ሰላም የመጣ የገጠር ወጣት ሚሞሪውን ይዞ ሱቅ ይገባና ዘፈን ወይም መዝሙር አስጭኖ ይመለሳል። ትምህርትም በዚሁ መንገድ መሄድ ይችላል። ለፕራክቲከም ስንወጣ እያንዳንዳችን ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ አንድ የሒሳብ ትምህርት በራሳችን ድምፅ፣ በአማርኛ ብንቀዳ፣ መምህሮቻችን ቢያርሙልን፣ ትምህርት ክፍሉም አሰባስቦ በሚሞሪ ለየት/ቤቱ ቢሰጥ ወጪው ብዙ አይደለም። ሒሳብ በወሬ ብቻ አይገባም የሚል ካለ እውነቱን ነው። እኛም ቅጂውን «መጽሐፍሽን ግለጪ፤ አሁን አንድ እንጀራ ለአራት እጠፊ» እያለ እጅ የሚያሠራ ማድረግ ይኖርብናል።

አንዳንዶች ሞባይል ተማሪን ያዘናጋል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ስልኩ በቤት ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በአባወራው ኪስ፣ ሴቷ ልጅ መቼ ታገኘዋለች ይላሉ። ሁለቱም ተገቢ ስጋቶች ናቸው፤ በተለይ ሁለተኛው። በዚህም የተነሣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ስልክ ይኑር አልልም። ስልኩና ስፒከሩ በመምህሩ እጅ ይሁኑ። መምህሩ ያስጀምራል፣ ያቆማል፣ ይጠይቃል፣ ይደግማል። ት/ቤት ሲዘጋ ደግሞ ያው ሚሞሪ ለሰፈር ልጆች በጋራ ይሰማል። ፕላዝማው ከመምህሩ የወሰደውን ሥልጣን ሞባይሉ ሊመልስለት ይችላል።

ኮምፒውተሩም ኢንተርኔቱም ይምጣ፣ አልጠላም። ልጆቹ ግን እስኪመጣ ድረስ ማደጋቸውን አይተውም። በሚቀጥለው የፕራክቲከም ዝግጅታችን ላይ ተማሪውም መምህሩም ቢነጋገርበት መልካም ነው እላለሁ።