ቀዳዳው አንድ ሆነ፤ ዘበኛውስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ሁሉ የየራሳቸው ቻርጀር ነበራቸው። የአንዱ ጫፍ ቀጭን፣ የሌላው ወፍራም፣ የሦስተኛው ጠፍጣፋ በመሆኑ የአንዱ ለሌላው አይገጥምም ነበር። ይህ ሁላችንንም ያማረረ ጣጣ እንደነበረ አይካድም። ይሁን እንጂ ልብ ያላልነው አንድ ጥቅም ነበረው፤ የላፕቶፕ 19 ቮልት በስሕተት ወደ ስልክ እንዳይገባ የሚከለክለው ያው አለመግጠሙ ነበር።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ የሚሰጠው ቮልቴጅ 5 ብቻ ነበር። በ2000 የወጣው ሁለተኛው እትም እንኳ ለአንድ ዕቃ የሚፈቅደው ከ500 ሚሊ አምፒር፣ ማለትም ከ2.5 ዋት አይበልጥም ነበር። በ2014 ይፋ የሆነው ዩኤስቢ ታይፕ ሲ ግን በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ እስከ 20 ቮልትና 100 ዋት ለማሳለፍ አስችሏል። በ2021 የተሻሻለው ደንብ ደግሞ እስከ 48 ቮልትና 240 ዋት ፈቅዷል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2024 ማብቂያ ጀምሮ በገበያው የሚቀርቡ አዳዲስ ስልኮች ይህንኑ ቀዳዳ እንዲይዙ አስገድዷል።

እንግዲህ ቀዳዳው አንድ ከሆነ ስልኩን ከላፕቶፑ ቮልቴጅ የሚጠብቀው ማን ነው? መልሱ ከቀዳዳው ጀርባ የቆመ፣ ለዓይን የማይታይ ዘበኛ ነው የሚል ነው።

ይህ ዘበኛ ሁለት ሥራ አለው፤ እነሱም መመልከትና በሩን መክፈት ወይም መዝጋት ናቸው። ደንቡን የሚያከብር የታይፕ ሲ ቻርጀር ምንም ሳይሰካበት በኃይል መስመሩ ላይ ቮልቴጅ አያኖርም። ስልክ ሲሰካበት በስልኩ ውስጥ ያለውን 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በመለያው መስመር በኩል ይለያል፤ ያን ጊዜ በሩን ከፍቶ 5 ቮልት ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚሰጠው ዕቃው በዲጂታል መልእክት ጠይቆ ሁለቱ ሲስማሙ ብቻ ነው። በሩ ሞስፌት የሚባለው ትራንዚስተር ነው። ኮምፓሬተር የተባለው ክፍል የመስመሩን ቮልቴጅ ከማይለዋወጥ መነሻ ቮልቴጅ ጋር ዘወትር እያነጻጸረ፣ ከተፈቀደው ሲያልፍ በሩ በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ እንዲዘጋ ያደርጋል። ይሁንና አንድ ሞስፌት ተዘግቶም ሳለ በውስጡ ባለው ዳዮድ ምክንያት በአንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ስለዚህ ኃይል ወዲያም ወዲህም በሚሄድበት ቀዳዳ ላይ ሁለት ሞስፌቶች ጀርባ ለጀርባ ይገጠማሉ። ገመዱ ሲነቀልም ቻርጀሩ በመስመሩ የቀረውን ቮልቴጅ በ650 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ከ0.8 ቮልት በታች ማውረድ አለበት፤ ቀጥሎ የሚሰካው ዕቃ ከ5 ቮልት በላይ የማይችል ሊሆን ይችላልና።

ጥንቃቄው የበዛ ለሚመስለው አንባቢ ቀላል ስሌት እናቅርብ። በአንድ ሬዚስተር ላይ የሚባክነው ኃይል ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በመሆኑም በ5 ቮልት ፈንታ 20 ቮልት ቢያርፍበት ቮልቴጁ 4 እጥፍ፣ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይል ግን 16 እጥፍ ይሆናል።

ነገሩ በወረቀት ላይ ያለ ስጋት ብቻ አይደለም። የጉግል መሐንዲስ የሆኑት ቤንሰን ሊዩንግ በገበያ ላይ ያሉ የታይፕ ሲ ገመዶችን እየገዙ ይፈትሹ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የሰኩት አንድ ገመድ ላፕቶፓቸውንና ሁለት የመመርመሪያ መሣሪያዎቻቸውን አበላሸባቸው። ጫፉ በሚገባ ገጥሟል፤ በውስጡ ግን የኃይሉና የግራውንዱ ሽቦዎች ተለዋውጠው ተበይደው ነበር። መግጠም ለትክክለኛነት ምስክር አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ዘበኛውም ከልክ ያለፈውን ቮልቴጅ ብቻ ሳይሆን ተገልብጦ የሚመጣውንም እንዲመልስ ተደርጎ መሠራት እንዳለበት ያስተምረናል።

አንዳንዶች «እነዚህ ክፍሎች ዋጋ ያስወድዳሉ፤ ስልኩም የራሱ መከላከያ አለው» ይላሉ። ዋጋ መጨመራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን አምራቹ ያዳናት ጥቂት ሳንቲም ስልኩ በተቃጠለ ዕለት ከገዢው ኪስ እጥፍ ድርብ ሆና ትወጣለች። የስልኩ መከላከያም የተሠራው የቻርጀሩ ዘበኛ ሲሳሳት እንዲደርስ እንጂ እርሱን እንዲተካ አይደለም። ቻርጀር ሠሪው በስልኩ፣ ስልክ ሠሪውም በቻርጀሩ ከተማመነ በሩ ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ስለሆነም ነገ እነዚህን ዕቃዎች የምትነድፉ ተማሪዎች ዘበኛውን ወጪ ለመቀነስ በቅድሚያ ከሚሰረዙት ክፍሎች መካከል እንዳትቆጥሩት አደራ እንላለን። በቤተ ሙከራም የሠራችሁትን ቻርጀር ከስልክ ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት ቮልቴጁንና አቅጣጫውን በመልቲሜትር ለኩ፤ ከዚያም ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ሆን ብላችሁ አስገብታችሁ በሩ መዘጋቱን አረጋግጡ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል ለኤሌክትሮኒክስም ይሠራል።