ባሏ ማን እንደነበረ የማወቅ መብት

ቬራ ቮለንበርገር የምሥራቅ ጀርመንን መንግሥት ፊት ለፊት ከተቃወሙት አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1988 በርሊን ላይ መፈክር ይዛ ወደ ሰልፍ ስትሄድ ተያዘች፤ ታስራ ቆይታም ከአገር ወጣች። የበርሊን ግንብ ፈርሶ የስለላ ድርጅቱ የስታሲ መዝገቦች ሲከፈቱ፣ «ዶናልድ» በሚል የምሥጢር ስም ስለ እሷና ስለ ጓደኞቿ ወሬ ሲያቀብል የኖረው የልጆቿ አባት፣ ባሏ ክኑድ ሆኖ ተገኘ። ፈታችው።

የደርግን የደኅንነት መሥሪያ ቤት ካሠለጠኑት አንዱ ያው ስታሲ ነው። የኛ ሚስቶች ግን የባላቸውን ነገር ያወቁት መዝገብ ቤት ገብተው አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ባሏ የሕቡዕ ሕዋስ አባል መሆኑን ሬሳው መንገድ ዳር ተጥሎ ያወቀች አለች። በቀበሌ አዳራሽ፣ በማጋለጥ ስብሰባ ላይ፣ ከሌላ ሰው አፍ የትግል ስሙን የሰማች አለች። ከሁሉ የምታሳዝነኝ ባሏ «ጆሮ ጠቢ ነው» ተብሎ ደርግን በሕቡዕ ይታገል በነበረው በኢሕአፓ ጥይት የተገደለባት ናት፤ እውነት ይሁን ሐሰት ሳታውቅ ልጆች አሳድጋለች፤ ልጆቹም ሲጠይቋት የምትመልሰው አልነበራትም።

ሚስቱን ለማዳን የደበቀና ሚስቱን አሳልፎ ለመስጠት የደበቀ፣ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሁለቱም ያመሻሉ፤ ሁለቱም ስሙ የማይነገር እንግዳ ያመጣሉ፤ ሲጠየቁ ዝም ይላሉ። የመጀመሪያው ዝም የሚለው ተይዛ ለግርፋት ወፌ ላላ ላይ ብትሰቀል እንኳ የማታውቀውን እንዳታወጣ ብሎ ነው። ያን ዝምታ ከክሕደት የሚለየው ሰነድ ብቻ ነው፤ ሰነዱን የማየት የመጀመሪያው መብትም የእሷ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግን ወረቀት ሰብስቦ ባለሥልጣናቱን ከሰሰበት፤ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌለበት ጥፋተኛ ተባለ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሰነዱ ለፍርድ ቤት ሲከፈት ለሚስት በሕግ የተጻፈ በር አልተበጀላትም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ሕግ፣ ተደርድሮ 111 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ፋይል እንዲያነብ ፈቀዱ። ጉዳዩ የማይመለከታቸው የሌሎች ሰዎች ስም ይጠቆራል፤ የሰላዩ እውነተኛ ስም ግን ለጠየቀ ተበዳይ ይነገራል።

«ትዳር ይፈርሳል፣ ቂም ይታደሳል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸውን አልንቅም። ግን የቬራን ትዳር መዝገብ ቤቱ አፈረሰው ማለት በእሷ ላይ ሌላ ግፍ መሥራት ነው። ክኑድ ከዓመታት በኋላ ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷም ይቅር አለችው። ይቅር ያለችው ምን እንደበደላት አንብባ ነው። የኛዎቹን ግን ስሙን እንኳ ያልነገርናቸውን በደል ይቅር በሉ እንላቸዋለን።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነት ማፈላለግን ይጨምራል። ይህን ሥራ የሚመራው ሕግ የትዳር ጓደኛንና ልጆችን በስም ጠቅሶ ፋይል የማንበብ መብት ሊሰጣቸው ይገባል። በ1969 ሃያ አምስት ዓመቷ የነበረች ሚስት ዛሬ ከሰባ አልፋለች፤ ወረፋው ከእሷ ይጀመር።