ቆሞ የከረመ ሞተር ሲነሳ ለምን ይንኳኳል?

ሓድነት ላይ ከቤትዎ ግቢ ለሳምንታት የቆመውን መኪናዎን አንድ ማለዳ ሊያስነሱ ቁልፉን ያዞራሉ። ሞተሩ ይነሳል፤ ግን ለጥቂት ሰከንዶች እንደ ቆርቆሮ ተንኳኩቶ ዝም ይላል። ድምፁ ለመቐለ ሰው እንግዳ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ነዳጅ ጠፍቶ ብዙ መኪና ለወራት፣ አንዳንዱም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስና ከዚያም በኋላ ቆሞ ከርሟል።

ምክንያቱ ዘይት ነው። ሞተር ሲሠራ ፓምፑ ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሲጠፋ ዘይቱ ተመልሶ ኮፓው ውስጥ ይጠራቀማል። መኪናው በቆየ ቁጥር ብረቶቹ ላይ የሚቀረው ዘይት ይሳሳል። የሌሊቱ ብርድ ደግሞ ዘይቱን ስለሚያወፍረው ወደ ላይ ለመድረስ ይዘገያል። በብዙ ሞተሮች ቫልቮቹን የሚገፉት ክፍሎችና የሰንሰለቱ መወጠሪያ በዘይት ግፊት ስለሚሠሩ፣ ዘይቱ እስኪደርሳቸው ላልተው ይንኳኳሉ። በብዙ ፊልትሮ ውስጥ ዘይቱ እንዳይመለስ የሚያግድ ጎማ አለ፤ እሱ ካረጀ ወይም ጥራት ከሌለው ድምፁ ይብሳል።

ስለዚህ መኪናዎን ከማስነሳትዎ በፊት ኮፈኑን ከፍተው የዘይቱን መጠን ይለኩ። ሞተሩ ሲነሳ ነዳጅ አይርገጡ፤ ብረት ከብረት የሚፋተገው ያኔ ነው። ድምፁ በሁለት ሦስት ሰከንድ ከጠፋ ብዙም አያስጨንቅም። የዘይቱ መብራት ካልጠፋ ወይም ኳኳታው ከቀጠለ ግን ወዲያውኑ አጥፍተው መካኒክ ይጥሩ። የአንድ ፊልትሮና የዘይት ዋጋ ሞተር ከማስወረድ ጋር አይወዳደርም።

መኪናው ዓመት ከቆመ ጭራሹን በራስዎ አያስነሱት። መካኒኩ ዘይቱንና ፊልትሮውን ይቀይር፣ ያረጀውን ቤንዚን ያስወጣ፤ ከዚያም ነዳጁን ዘግቶ በሞተሪኖ ብቻ ለአጭር ጊዜ ያዙረው። ዘይቱ ቀድሞ ወደ ላይ ይደርሳል።

ብዙዎቻችን መኪናው እንዳይበላሽ ብለን በየጠዋቱ ለአንድ ደቂቃ አስነስተን እናጠፋለን። ይህ ግን ሞተሩን ሳያሞቀው ውሃና ነዳጅ ዘይቱ ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል። ነዳጅ ካለዎት በሳምንት አንድ ቀን ሃያ ደቂቃ ያህል ይንዱት። ከሌለዎት የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ነቅለው ይተዉት፤ በየቀኑ ቀዝቃዛ ሞተር ከማስነሳት ዝም ብሎ ቢቆም ይሻለዋል።